ላይብረሪ ልንከፍት ነው፤ የተመለሰ መጽሐፍ ምን ላድርገው?

እትዬ_ላይብረሪ
ጥቅምት 8 ቀን 2013

እንደምን ሰነበታችሁ። የምጽፈው ከደብረ ብርሃን ነው። አንዲት ትንሽ የሕዝብ ንባብ ክፍል ውስጥ ላይብረሪያን ነኝ። ላይብረሪያን ስላችሁ፣ መዝጋቢዋም፣ ጠራጊዋም፣ «ኧረ ጸጥ በሉ» ባይዋም እኔው ነኝ፤ ከእኔ ሌላ ያለው ጥበቃው ብቻ ነው። ከላይ የምታዩትን ስም ያወጡልኝ ልጆቹ ናቸው።

መጋቢት 7 ቀን 2012፣ በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ይዘጉ የተባለ ዕለት፣ ከሰዓት በኋላ በሩን ቆለፍኩ። አሥራ አምስት ቀን ነው ስለተባለ የቡና ሲኒዬን እንኳ ሳላጥብ ነው የወጣሁት። ይኸው ሰባት ወር ሞላው። አሁን በዞን ከተሞች ትምህርት ጥቅምት 16 ይጀመራል ስለተባለ እኛም በዚያው ቀን እንድንከፍት ደብዳቤ ደረሰኝ። ደብዳቤው ሦስት መስመር ነው፤ «አስፈላጊውን ጥንቃቄ በማድረግ» ይላል። አስፈላጊው የቱ እንደሆነ ግን አይልም። አብሮት የመጣው አንድ ባለ አምስት ሊትር ሳኒታይዘርና «ርቀትዎን ይጠብቁ» የሚል ፖስተር ነው። ፖስተሩን የምለጥፍበት ማጣበቂያ አልመጣም፤ እሱን ከኪሴ ገዛሁ።

ክፍሏን ልንገራችሁ። ርዝመቷ ዘጠኝ ሜትር፣ ወርዷ ስድስት ነው። 48 ወንበር ነበራት፤ ማትሪክ ሲደርስ ደግሞ የመስኮቱ ደፍ ላይም ይቀመጡባታል። መስኮቷ አራት ነው፤ ሁለቱ ላይ መደርደሪያ ቆሞባቸዋል፣ ሁለቱን የዛሬ ስድስት ዓመት ለብርዱና ለአስፋልቱ አቧራ ብዬ ራሴ በምስማር መትቻቸዋለሁ። ወደ 2,300 መጽሐፍ አለን፤ አብዛኛው የመማሪያ መጽሐፍ ነው። ማዋስ የለም። መታወቂያህን ታስይዛለህ፣ መዝገቡ ላይ ትፈርማለህ፣ እዚያው ተቀምጠህ አንብበህ ትመልሳለህ።

ሰሞኑን የወጣው መመሪያ ማስክ ግዴታ ነው፣ በሰውና በሰው መካከልም ሁለት የአዋቂ እርምጃ ይሁን ይላል። ባለፈው ሐሙስ ጠመኔ ይዤ ገባሁና ጥበቃውን «አዋቂ» አድርጌ እያራመድኩ ወለሉን አሰመርኩት። 48ቱ ወንበር 14 ሆኖ ቀረ። ጥበቃችን ደግሞ ቁመተ ረጅም ነው፤ በእኔ እርምጃ ቢሆን 18 ይገባ ነበር።

እንቅልፍ የነሳኝ ግን መጽሐፉ ነው። የ12ኛ ክፍል ፊዚክስ ያለን አራት ኮፒ ብቻ ነው፤ አንዱ ኮፒ በቀን ስድስት ሰባት ሰው እጅ ይገባል። አንድ ጡረታ የወጡ ጋሼ አሉ፣ ዘወትር የሚመጡ፤ ጣታቸውን በምራቅ ሳያርሱ አንድ ገጽ አይገልጡም። ሃያ ዓመት ሙሉ ብናገር አልሰሙኝም፤ ይባስ ብሎ ልጆቹ ከእሳቸው ተማሩት።

ሐምሌ ላይ ሙከራ ቢጤ አድርጌ ነበር፣ እየሳቃችሁ አንብቡት። ሠላሳ በሚሆኑ መጻሕፍት ላይ አልኮል ረጨሁ። የማኅተማችን ወይን ጠጅ ቀለም ፈስሶ ሦስት ገጽ ወረደ፤ አሁን ባለቤቱ ማን እንደሆነ ማንበብ አይቻልም። ጳጉሜን ላይ ደግሞ ፀሐይ ስትወጣ አየሁና ደጅ ላይ ምንጣፍ ዘርግቼ እንደ በርበሬ አሰጣኋቸው። ሽፋናቸው ተቆለመመ፣ ሙጫቸው ደርቆ ገጻቸው ረገፈ። ጥበቃው «እትዬ፣ ኮሮና ከሚጨርሳቸው አንቺ ጨረስሻቸው» አለኝ፤ እውነቱን ነው።

እና የምታውቁ ንገሩኝ። የተመለሰ መጽሐፍ ስንት ቀን ይቀመጥ? ሦስት ቀን ባስቀምጠው ሌላው ልጅ ምን ያነባል? በበረኪና ብወለውለውስ?


የሸዋው_ሽማግሌ
ጥቅምት 8 ቀን 2013

ልጄ፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም። ግን አያቴ የኅዳር በሽታን ያየች ሴት ነበረች። በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ላይ አዲስ አበባ ውስጥ ቀባሪ እስኪታጣ ድረስ ሰው ያለቀበት ጊዜ ነው፤ ፈረንጆቹ የስፔን ጉንፋን የሚሉት። እስከ አሥር ሺሕ የሚደርስ ሰው በከተማይቱ ብቻ እንደሞተ ይነገራል። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻችንን ሰብስበን የምናጥነው ከዚያ ወዲህ ነው። ዘንድሮም ኅዳር ሊታጠን የቀረው አንድ ወር ገደማ ነው። ከመክፈትሽ በፊት ክፍሉን በወይራ በደንብ አጥኚው፣ መጻሕፍቱንም ገለጥ ገለጥ አድርገሽ ጭሱ ይግባባቸው። ቢያንስ ብሉንና ምስጡን ያባርርልሻል።


እውነቱ_ይነገር
ጥቅምት 8 ቀን 2013

ይሄ ሁሉ ለጉንፋን ነው? ገበያው እንደ ድሮው ነው፣ ታክሲው ሞልቶ ነው የሚሄደው፣ ሠርጉም ለቅሶውም አልቀረም። ላይብረሪ ሲሆን ነው ኮሮና የሚታያችሁ።


ሲስተር_ነኝ
ጥቅምት 9 ቀን 2013

እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ጤና ጣቢያ የምሠራ ነርስ ነኝ። ጽሑፍዎን ተረኛ ሆኜ ሌሊት ነው ያነበብኩት፤ በርበሬው ጋ ስደርስ ብቻዬን ሳቅሁ።

በቅድሚያ አባባን በአክብሮት ልቃወማቸው። ጭስ ቫይረሱን አይገድልም፤ የሚያስል ሰው ግን ያበዛል። ዘንድሮ ደግሞ ከሚያስል ሰው አጠገብ ማን ይቀመጣል? ለምስጡ ይሆን ይሆናል፣ እሱ የእኔ ሙያ አይደለም። «እውነቱ ይነገር» ላልከው ወንድሜ፣ ታክሲ ውስጥ ሃያ ደቂቃ ነው የምትቀመጠው፤ ላይብረሪ ውስጥ አራት ሰዓት። ልዩነቱ እሱ ነው። ለጉንፋኑ ደግሞ አንድ ሌሊት ከእኔ ጋር እደርና ንገረኝ።

በረኪና መጽሐፍ ላይ በጭራሽ አያድርጉ። ለጠረጴዛ፣ ለወንበር መደገፊያና ለበር እጀታ ነው። መጀመሪያ በሳሙናና በውሃ ይታጠብ፤ እድፍ ላይ የፈሰሰ በረኪና ሥራ አይሠራም። ሱቅ የሚሸጠው አብዛኛውን ጊዜ 5 በመቶ ነው፣ ጠርሙሱን ያንብቡ። እንደዚያ ከሆነ አንድ እጅ በረኪና በ49 እጅ ውሃ ሲበጠበጥ 0.1 በመቶ ይሆናል፤ ለጠረጴዛ ይበቃል። ያቺ ሰባት ወር ሳትታጠብ የቆየችው ሲኒዎ መለኪያ ትሁን፤ ከዚያ በኋላ ግን ቡና እንዳይጠጡባት። ቀብተው ወዲያው አያድርቁት፣ ደቂቃ ሁለት ደቂቃ ረጥቦ ይቆይ። ጠዋት ጠዋት አዲስ ይበጥብጡ፣ ያደረ በረኪና ጉልበት የለውም። ሰዎች እኛ ጤና ጣቢያ ውስጥ ለደምና ለመሳሰለው የምንጠቀምበትን አንድ ለዘጠኝ ይሰሙና ሳሎናቸውን በሱ ይወለውላሉ፤ ከዚያ ዓይናቸው እያነባ እኛው ጋ ይመጣሉ። ከሌላ ማጽጃ ጋር ደግሞ አይቀላቅሉት፣ ከአሲድ ጋር በተለይ። ሰው ላይም አይረጭም፤ በር ላይ ቆመው የሚረጩ አይቻለሁ።

ሳኒታይዘሩን ከከሰል ምድጃ አርቁት፤ አልኮል ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። መዝገቡ አጠገብ በገመድ የታሰረ እስክሪብቶ አለ? እኔ የማውቀው ላይብረሪ ሁሉ አለው። ከመጽሐፉ በፊት እሱን ይፍቱት። አንድ መጽሐፍ ሰባት ሰው ቢይዘው፣ እስክሪብቶውን የገባው ሁሉ ይይዘዋል፤ ግማሹ ደግሞ እያሰበ ጫፉን ይነክሰዋል። መታወቂያውንም እርስዎ አይቀበሉ፤ ልጁ ራሱ ካርቶን ውስጥ ይጣል፣ ሲወጣ ራሱ ያንሳ።


መደርደሪያ_ገፊ
ጥቅምት 9 ቀን 2013

ሰላም እህቴ። ሜሪላንድ ውስጥ የሕዝብ ላይብረሪ ሠራተኛ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት ጋሪ ሙሉ መጽሐፍ እየገፋሁ ወደየቦታው ስመልስ ነው የኖርኩት፤ ስሜም ከዚያ ነው። እኛም የተዘጋነው በዚያው በመጋቢት ሳምንት ነው። የአሜሪካ ላይብረሪዎች ማኅበር መጋቢት 8 ቀን (እንደ እነሱ ማርች 17) ላይብረሪዎች ለሕዝብ ይዘጉ ብሎ ሐሳብ ሲያቀርብ ብዙዎቹ ቀድመው ዘግተው ነበር።

የጠየቅሽው የቀን ጉዳይ እዚህም ብዙ ያጨቃጨቀ ነው። ኦሲኤልሲ የሚባለው የላይብረሪዎች ድርጅት፣ ባተል ከሚባል የምርምር ተቋም ጋር ሆኖ ሪልም የሚል ስም ያለው ጥናት እያካሄደ ነው። ቫይረሱን ሆን ብለው ሽፋን ላይ፣ ወረቀት ላይ፣ ዲቪዲ ማቀፊያ ላይ ያደርጉና በየቀኑ ይለኩታል። ሰኔ ላይ የወጣው የመጀመሪያው ውጤት፣ ለየብቻ የተቀመጡት ላይ በሦስተኛው ቀን ምንም አልተገኘም አለ። ሁላችንም «ሦስት ቀን» ብለን ተነፈስን። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ደግሞ እንደ እኛ ሥራ ቤት ደራርበው ሞከሩት፤ በስድስተኛው ቀንም ተገኘ። በማግስቱ አለቃችን ካርቶኖቹን ሁሉ አስፈትታ መጻሕፍቱን አንድ በአንድ አስቆመችን። ስለዚህ ብታስቀምጪም አትደራርቢያቸው፤ መደርደሪያ ላይ አየር እንዲገባቸው አራርቀሽ አቁሚያቸው።

አልኮልና ፀሐይ ያጠፋው መጽሐፍ አንቺን ብቻ እንዳያሳፍርሽ። ሚሺገን ውስጥ አንዲት የላይብረሪ ደንበኛ ወይም አንድ ደንበኛ፣ ማንነቱን አልነገሩንም፣ ኮሮናውን ልግደል ብሎ የተዋሰውን መጽሐፍ ማይክሮዌቭ ውስጥ ከተተው። መጽሐፉ ውስጥ ሌባ መቆጣጠሪያ የብረት ቺፕ አለ፤ ተቀጣጠለ። ላይብረሪው የተቃጠለውን መጽሐፍ ፎቶ አንስቶ «እባካችሁ አታድርጉ» ብሎ ለጠፈ። ፍርሃቱ የዛሬ ብቻም አይደለም። እንግሊዞች በእነሱ 1907 ባወጡት ሕግ ተላላፊ በሽታ ያለበት ሰው ከሕዝብ ላይብረሪ መጽሐፍ እንዳይወስድ ከልክለው ነበር። አባባ እንዳሉት ማጠንም በዚያ ዘመን ነበር፤ በፎርማሊን ጭስ።

አሁን የራሴን ሐሳብ ልናገር። ኢማኑኤል ጎልድማን የሚባሉ የማይክሮባዮሎጂ ፕሮፌሰር ዘንድሮ ክረምት ላንሴት በሚያሳትመው የተላላፊ በሽታዎች መጽሔት ላይ፣ ዕቃ በመንካት ይይዘናል የሚለው ፍርሃት ከልክ አልፏል ብለው ጽፈዋል። ላብራቶሪ ውስጥ ጠብ የሚያደርጉት ቫይረስ ብዛት አንድ ሰው አስሎ ዕቃ ላይ ከሚያርፈው በእጅጉ ይበልጣል ነው ነገሩ። የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል፣ ሲዲሲም፣ የዛሬ ሁለት ሳምንት አካባቢ፣ አየር በማይዘዋወርበት ዝግ ክፍል ውስጥ ቫይረሱ ከሁለት ሜትር አልፎም አየር ላይ ሊቆይ ይችላል ብሎ ጨመረ። እኔ መጽሐፉን የማስቀምጠው አለቃዬ ስላለች ነው። ብቻዬን ብሆን መጽሐፉን ትቼ በምስማር ስለመታሻቸው ሁለት መስኮቶች ነበር የምጨነቀው።

እኛ እንዲህ ነው የምንሠራው፦ ሰው በስልክ ወይም በኢንተርኔት ይጠይቃል፣ መጽሐፉን ወረቀት ቦርሳ ውስጥ ከተን ስሙን ጽፈን ደጅ ጠረጴዛ ላይ እናኖርለታለን፣ ማንም አይገባም። አንቺም ለጊዜው ክፍሉን ትተሽ እንዲህ ብታውሺስ? ከሁሉም የሚቀለው እሱ ይመስለኛል።


እትዬ_ላይብረሪ
ጥቅምት 10 ቀን 2013

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ሲስተር፣ እስክሪብቶው አለ። እንዴት አወቅሽው? ቢክ ነው፣ በቀይ ሲባጎ ጠረጴዛው እግር ላይ ያሰርኩት፤ ክዳኑ ከተበላ ዘመን ሆኖታል።

ወንድሜ ሜሪላንድ፣ ምክርህ ለአገርህ ልክ ነው፤ እዚህ ግን አይሆንም፣ ለምን እንደማይሆን ልንገርህ። እኔ ጋ ከሚመጣው ልጅ ስንቱ መጽሐፌን የሚፈልግ ይመስልሃል? ከአሥሩ ስድስቱ የራሱን ደብተርና በፎቶ ኮፒ የተባዛ የድሮ ማትሪክ ጥያቄ ይዞ ነው የሚገባው። የሚፈልገው ወንበሩን ነው። መብራቱን ነው። ከእኔ «ጸጥ በሉ» ጋር ያለውን ጸጥታ ነው። አንተ መጽሐፍ በቦርሳ ደጅ ብታኖርለት ይዞት የሚሄድበት ቤት ይኖረው ይሆናል፤ የእኔ ልጆች የሚሸሹት ቤቱን ነው። መጽሐፉን አውጥቼ ወንበሩን ብዘጋ ምኑን ከፈትኩት?

ደግሞ አራት ፊዚክስ አውሼ አራቱ ሳይመለሱ ቢቀሩ የምጠየቀው እኔ ነኝ። አሥር ዓመት ሲቆረጥብኝ ይኖራል።

በመስኮቱ ግን ረታችሁኝ። ብርዱንስ? ደብረ ብርሃን በጥቅምትና በኅዳር ምን እንደሆነ የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ጠዋት ሜዳው በውርጭ ነጭ ሆኖ ነው የሚነጋው። ልጆቹን ከኮሮና አድኜ በሳንባ ምች ልጨርሳቸው?


ማትሪክ_ጠባቂ
ጥቅምት 10 ቀን 2013

እትዬ፣ ያውቁኛል፤ ሁልጊዜ ግድግዳው ጥግ የምቀመጠዋ ነኝ። ስሜን አልጽፍም።

ፈተናችን ሰኔ ላይ ነበር መሆን የነበረበት። ይኸው እስካሁን ቀኑ አልታወቀም፤ 12ኛ ክፍል ጨርሼ 12ኛ ክፍል ነኝ። «በቴሌግራም አጥኑ» ይሉናል። ስልኩ የወንድሜ ነው፣ ማታ ከሥራ ሲመጣ ነው የማገኘው፣ ያኔ ደግሞ ካርድ የለውም። ሰባት ወር ሙሉ ያጠናሁት በሩ ሥር ቁጭ ብዬ ነው። እናቴ አረቄ ትሸጣለች፣ ቤታችን አንድ ክፍል ናት። ትምህርት ቤት ሲዘጋ አረቄ ቤት አልተዘጋም፤ እንዲያውም ሥራ የፈታው ሁሉ ከጠዋት ጀምሮ ይመጣል። አንዱ ደብተሬን አይቶ «ኬሚስትሪ ነው? እስቲ ልጠይቅሽ» ይልና ይስቃሉ።

14 ወንበር ከሆነ እባክዎ በመጣ ቅደም ተከተል አያድርጉት። ወንዶቹ ከሌሊቱ 11 ሰዓት መጥተው ይሰለፋሉ፤ እኔ በዚያ ሰዓት ውሃ መቅዳት አለብኝ። በፈረቃ ያድርጉልን፣ ስማችንን ጽፈው። ብርዱ ምንም አይደለም። ጋቢ ለብሼ እመጣለሁ።


ሲስተር_ነኝ
ጥቅምት 11 ቀን 2013

ልጄ፣ ልብ የሚነካ ነው የጻፍሽው። እትዬ፣ ፈረቃው ለጤናም የተሻለው ነው። ሁለት ሁለት ሰዓት ያድርጉት፣ በመካከል ግማሽ ሰዓት ሁሉም ወጥቶ በሩም መስኮቱም ወለል ብሎ ይከፈት፤ ያኔ ጠረጴዛውን ይወለውላሉ። ልጆቹ ተቀምጠው ሳለ ግን አራቱንም መበርገድ የለብዎትም። ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት መስኮቶች ስንዝር ያህል ገርበብ ቢሉ ንፋሱ ያልፋል። በአንድ በኩል ብቻ አራት ቢከፈት የዚያን ያህል አይሠራም። መደርደሪያዎቹ የቆሙት በየትኛው ግድግዳ ነው? ከምስማሮቹ በተቃራኒ ከሆነ መጀመሪያ የሚነሳው መደርደሪያው ነው።

ስለ ሳንባ ምች፦ ብርድ ራሱ ሳንባ ምች አይሆንም፣ የሚያመጣው ተዋህስ ነው። ግን እናት ለምን ልጄን አበረድሽብኝ ብትልዎ ይህን ብነግራት አታምነኝም፤ ጋቢውን አይከልክሉ። እጅ መታጠቢያው ውጭ ይሁን፣ በእግር የሚረገጥ ካገኙ ጥሩ፣ ካጡ ቧንቧ ያለው በርሜል። ሳሙናውን የድሮ ካልሲ ውስጥ አድርገው በርሜሉ ላይ ይሰሩት፣ አለበለዚያ በቀን አንድ ሳሙና ነው የሚጠፋው።


መደርደሪያ_ገፊ
ጥቅምት 11 ቀን 2013

እህቴ፣ ስለ ወንበሩ ያልሽው ትክክል ነሽ፣ አፌን ይዣለሁ። እዚህም እኮ ሲዘጋ መጀመሪያ የደወሉልን መጽሐፍ ያጡት አይደሉም። ኮምፒውተር የሌላቸው፣ ሥራ አጥ ፎርም የሚሞሉ፣ ሌላው ቀርቶ መጸዳጃ ቤት የሚፈልጉ ቤት አልባዎች ናቸው። ማታ ከሥራ ስወጣ መኪና ማቆሚያው ላይ በየመኪናው ውስጥ የስልክ ብርሃን አያለሁ፤ ሕንፃው ተዘግቶም ዋይፋዩ ስላልተዘጋ ልጆቻቸውን ይዘው መጥተው ነው። አንዷ አበሻ ናት፣ ከኋላ ወንበር ሁለት ልጆች እያስተማረች እሷ ከፊት ትተኛለች፤ ሌሊት ነው የምትሠራው። ያንን እያየሁ ነው አንቺን «ወንበሩን ተይው» ያልኩሽ። ሰው ከራሱ ደጅ ያለውን አያይም መሰለኝ።


እትዬ_ላይብረሪ
ጥቅምት 22 ቀን 2013

ሳምንት ከፍተን ሠራን፤ ዛሬ እሑድ ስለሆነ እስቲ ልንገራችሁ።

መደርደሪያዎቹን ለማንሳት ሁለት ቀን ፈጀብን። ጥበቃውና አራት ልጆች ነበሩ፤ መጻሕፍቱን አውርደን፣ ገፍተን፣ መልሰን ደረደርን። ከአንዱ ጀርባ ምን ብናገኝ ጥሩ ነው? የ1998 የማትሪክ ጥያቄ ወረቀት፣ ሁለት ማበጠሪያ፣ አይጥ የበላው ግማሽ ዳቦ፣ እና አንድ መታወቂያ። ያ መታወቂያ የጠፋበት ልጅ በጊዜው «አንቺ ነሽ የጣልሽው» ሲለኝ «አላስያዝክም» ብዬ ከደጅ መልሼዋለሁ። አሁን እዚሁ ከተማ መምህር ነው። ልወስድለት ነው፤ ምን ብዬ እንደምሰጠው አላውቅም።

ምስማሩን ስንነቅል አንዱ መስታወት ተሰነጠቀና ወደቀ። የዚያ መስኮት ጉዳይ እንግዲህ ውይይት አላስፈለገውም፣ ክፍት ነው። ሌላኛው ስንዝር ያህል ገርበብ ይላል፤ ከመደርደሪያው ኋላ የወጡት ሁለቱ ደግሞ ፊት ለፊታቸው ናቸው። ንፋሱ እንደሚያልፍ ያወቅኩት መዝገቡ ገጹን ራሱ ሲገልጥ ነው፤ ድንጋይ ጫንኩበት።

ፈረቃው ሦስት ነው፦ ከ2፡30 እስከ 4፡30፣ ከ5 እስከ 7፣ ከ8 እስከ 10 ሰዓት። ሁለቱ የ12ኛ ክፍል ነው፣ የመጨረሻው የሌላው ሰው። ስማቸውን ቅዳሜ ዕለት ጽፌ በር ላይ ለጠፍኩ፤ ሰኞ ጠዋት ግን ስሙ ያልወጣ 23 ልጅ ደጅ ቆሞ ጠበቀኝ። ምን ላድርጋቸው? ለረቡዕና ለዓርብ አዘዋወርኳቸው። ሁለት ወላጅ ተቆጥተው ሄዱ። አንዱ «የዘመድ ሥራ ነው» አለኝ፤ ዘመዴ በዝርዝሩ ውስጥ የለም፣ ቢኖር ግን ምን እል ነበር ብዬ ማታ አስቤያለሁ።

ብርዱ እንደፈራሁት ነው። ጋቢ ያለው ጋቢ፣ የሌለው ብርድ ልብስ ለብሶ ይመጣል፤ ከተማችን ብርድ ልብስ ፋብሪካ ያላት ምስጋና ይግባትና። የመጀመሪያው ፈረቃ ከሩቅ ሲታይ ማኅበር የሚጠጡ ሽማግሌዎች ይመስላሉ። ጣታቸው ሲደርቅባቸው እስክሪብቶውን ብብታቸው ውስጥ ያሞቁታል።

ያላሰብኩት ማስኩን ነው። ማክሰኞ ዕለት አንዱ ልጅ ፈረቃው አልቆ ሲወጣ ማስኩን ፈትቶ ደጅ ለቆመው ጓደኛው ሲያቀብለው በዓይኔ አየሁ። ጓደኛው አጥልቆ «ይኸው እትዬ» ብሎ ገባ። ተቆጣሁና ሁለቱንም መለስኳቸው፤ ቤቴ ገብቼ ግን አንድ ማስክ ለሁለት የገዙት ወደው እንዳልሆነ ታወቀኝ። የሠፈራችን ልብስ ሰፊ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ሃያ ሰፋልኝ፣ የክሩን ብቻ ነው የተቀበለኝ። ማታ ማታ በሳሙና አጥቤ አሰጣቸዋለሁ፣ ይህን እንኳ ፀሐይ አያበላሸውም። ሲስተር፣ በሳሙና ብቻ ይበቃል ወይስ ልቀቅላቸው?

መጽሐፉንስ ምን አደረግሽው አትሉኝም? የመማሪያ መጻሕፍቱን አላስቀምጥም፤ አራት ኮፒ ይዤ ሦስት ቀን ቆልፎ ማስቀመጥ የማይቻል ነገር ነው። እጃቸውን ታጥበው ይገባሉ፣ ታጥበው ይወጣሉ፣ ፊዚክሱ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ልብ ወለዱንና ጋዜጣውን ግን ብዙ ጠያቂ ስለሌለው አራርቄ አቁሜ ሦስት ቀን አቆየዋለሁ። ቀዩን ሲባጎ ፈትቻለሁ፤ እስክሪብቶ ያልያዘ ሰው ስሙን እኔ ራሴ እጽፍለታለሁ።

የጥግ ልጄ፣ ወንበርሽን ከግድግዳው ጥግ አንስቼ መስኮቱ አጠገብ ያደረግኩት በክፋት እንዳይመስልሽ፤ ሲስተር ያለችውን ንፋስ ቀድሞ የሚያገኘው እሱ ስለሆነ ነው።

ጡረተኛው ጋሼ ሐሙስ ዕለት በሦስተኛው ፈረቃ መጡ፣ ማስካቸውን እስከ ዓይናቸው ስበው። ጋዜጣ ዘረጉ። የመጀመሪያውን ገጽ ጨረሱና እንደ ልማዳቸው ጣታቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ፤ ጨርቁ ላይ አረፈ። ጣታቸውን ገልበጥ አድርገው አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ከዚያ በደረቁ ገለጡት።